ሻምፒዮን ቡድን ለምን ይበተናል? የኤንቢኤ የደመወዝ ጣሪያ በቀላል አማርኛ

ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ደሴ። የጦሳ ብርድ በበሩ ስር ሾልኮ ይገባል። እኔና የእህቴ ልጅ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን ስልክ ላይ አፍጥጠናል። ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ሰባተኛ የፍጻሜ ጨዋታ ኢንዲያና ፔሰርስን 103 ለ 91 አሸነፈ። ልጁ ዘሎ ተነሳ። «አጎቴ፣ እነዚህ ልጆች እኮ ገና ናቸው! አሥር ዓመት ማንም አይነካቸውም!» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ወሬ መጣ። ከአንድ ዓመት በፊት ዋንጫውን የበላው ቦስተን ሴልቲክስ ጅሩ ሆሊደይን ለፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ለአትላንታ ሊሰጥ ተስማማ ተባለ። ልጁ ግራ ገባው። እናቱ ቡና ስታፈላ አጠገቤ ተቀምጦ ጠየቀኝ። «ሀብታም አይደሉም እንዴ? ያሸነፈ ቡድን ማን ያፈርሳል?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም ቅርጫት ኳስ የሚከታተሉ ልጆች ሲከራከሩ ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ባለቤቶቹ ስስታም ናቸው» ይላል። ሌላው «ተጫዋቾቹን ገንዘብ አሳውሯቸዋል» ይላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ወጣት ቡድን የሚበተነው ብዙ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚበስሉ ነው። የሊጉ ሕግም የተጻፈው ይህንን ታስቦበት ነው።

የደመወዝ ጣሪያ ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የሚሠሩበትን መደዳ አስቡ። አሥር ሱቅ አለ እንበል። አንዱ ባለሱቅ ሀብታም ነው። ዝም ከተባለ የመደዳውን ጎበዝ ሰፊ ሁሉ በገንዘብ ይሰበስባል። ለዘጠኙ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ይቀራቸዋል። ውሎ አድሮ ደንበኛውም ይሰለቻል፤ መደዳው ራሱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ባለሱቆቹ ተሰብስበው ተስማሙ። «ማንም ሱቅ ለሠራተኞቹ ሁሉ በድምሩ በወር ከ100 ሺህ ብር በላይ አይከፍልም።» ጣሪያ ማለት ይህ ነው።

ኤንቢኤ ጣሪያውን ያመጣው በ1984-85 የውድድር ዘመን ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።) ያኔ ለአንድ ቡድን ሙሉ ደመወዝ የተፈቀደው 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 ደግሞ 154.6 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ቁጥሩ የሚወጣው ከሊጉ ገቢ ነው። ከገቢው ግማሽ ያህሉ ለተጫዋቾች እንዲሆን ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ተፈራርመዋል። ገቢው ሲያድግ ጣሪያውም ከፍ ይላል። ከ2025-26 ጀምሮ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር የ11 ዓመት የስርጭት ውል ሥራ ላይ ውሏል። ዋጋው ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሆኖም ጣሪያው በአንድ ዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተወስኗል።

ይህ የ10 በመቶ ገደብ የመጣው ከአንድ መጥፎ ትምህርት ነው። በ2016 ጣሪያው በአንድ ጊዜ ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ሚሊዮን ዘለለ። በዚያ ዓመት 73 ጨዋታ ያሸነፈው ጎልደን ስቴት ድንገት ባዶ ቦታ አገኘ። በዚያ ላይ ዋና ኮከቡ ስቴፈን ከሪ ቁርጭምጭሚቱ እያስቸገረው በ2012 የፈረመው ውል ለአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ቡድኑ በተገኘው ክፍተት ኬቨን ዱራንትን አመጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ በላ።

ጣሪያ ካለ እንዴት ያልፉታል?

ልጁ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። ቡድኖች ከ154 ሚሊዮን በላይ ሲከፍሉ አንብቧል። ልክ ነው። የኤንቢኤ ጣሪያ ሲሚንቶ አይደለም። ጨርቅ ነው፤ ይገፋል። የሚገፋበት ዋናው መንገድ «የበርድ መብት» ይባላል። ስሙ የቦስተኑ ላሪ በርድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በቤትህ ሦስት ዓመት የቆየን ተጫዋች ጣሪያውን አልፈህም ቢሆን ማስፈረም ትችላለህ። የሌላ ቤት ሰው ለማምጣት ግን በመሠረቱ ከጣሪያው በታች ቦታ ያስፈልግሃል። ወይም ሊጉ በሚፈቅዳቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች መግባት አለብህ።

መብቱ በሌለበት ምን እንደሚሆን ዴንቨር ላይ አይተናል። ብሩስ ብራውን በ2022 በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ ዴንቨር መጣ። በ2023 ዋንጫውን ሲበሉ ወሳኝ ሰው ነበር። ግን በቤቱ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሕጉ ለዴንቨር የፈቀደው ወደ 7.8 ሚሊዮን ያህል እንዲሰጠው ብቻ ነበር። ኢንዲያና በዓመት 22 ሚሊዮን አቀረበለት። ሄደ። ዴንቨር ገንዘብ አጥቶ አይደለም የሸኘው። ልክፈል ቢል እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። «ታዲያ ብሩስ ብራውንን ምን ብለን እንሰድበዋለን?» አለ። ምንም።

ጣሪያውን ገፍቶ የሄደ ቡድን ደግሞ ሌሎች መስመሮች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው «የቅንጦት ግብር» ነው። በ2025-26 የግብሩ መስመር 187.9 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ለሚወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር ቡድኑ ለሊጉ ሌላ ዶላር ይከፍላል። እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ከዚያም በላይ። ካለፉት አራት ዓመታት በሦስቱ ከከፈለ ተመኑ ይብስበታል። ከተሰበሰበው ግብር ከፊሉ ደግሞ መስመሩን ላላለፉት ቡድኖች ይዳረሳል። ማለትም ስታልፍ ተፎካካሪህን ታበላለህ።

ሁለት መስመሮች ይቀራሉ። «ኤፕሮን» ይሏቸዋል። ትርጉሙ ሽርጥ ነው። ሽርጥ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም፤ ወገብ ላይ የሚጠብቅ ነገር መሆኑን እናውቃለን። በ2025-26 የመጀመሪያው ሽርጥ 195.9 ሚሊዮን ላይ ነው። ሁለተኛው 207.8 ሚሊዮን። ሁለተኛውን ያመጣው በ2023 የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ዛሬ የቡድን ኃላፊዎችን እንቅልፍ የሚነሳውም እሱ ነው።

ለምን? ቅጣቱ በገንዘብ ብቻ ስላልሆነ። ሀብታም ባለቤት ግብር መክፈል ይችላል። ሁለተኛውን ሽርጥ ያለፈ ቡድን ግን እጁ ይታሰራል። የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች መለወጥ አይችልም። በዝውውር ላይ ጥሬ ገንዘብ መጨመር አይችልም። ከውጭ ነፃ (ውሉ ያለቀ) ተጫዋች ቢፈልግ ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ ማቅረብ አይችልም። ከሰባት ዓመት በኋላ አዲስ ተጫዋች የሚመርጥበት የመጀመሪያ ዙር ዕድሉ (የድራፍት ዕድል ይሉታል) እንኳ እንዳይለወጥ ይቆለፋል። ልማዱን ካልተወ ያ ዕድል ከወረፋው መጨረሻ ላይ ይጣላል።

ቦስተን የገባበት ይህ ነው። ጄሰን ቴተም በ2024 ለአምስት ዓመት 314 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። ጄይለን ብራውን ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት እስከ 304 ሚሊዮን የሚደርስ ውል ፈርሟል። በዚያ ላይ ቴተም በግንቦት 2025 የእግሩ ጅማት ተበጠሰ፤ ቀጣዩን ዘመን በአብዛኛው ያለ እሱ ማለፍ ግድ ሆነ። ቡድኑ እንዳለ ቢቀጥል ደመወዙና ግብሩ ተደምሮ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይሰላ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ኮከቦች ያዘና ዙሪያቸውን ሸኘ። ለእህቴ ልጅ ጥያቄ አጭሩ መልስ ይህ ነው።

ወጣቶቹ መጀመሪያ ለምን ርካሽ ሆኑ?

ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ልመለስ። ባለሱቁ ሦስት ለማጆች ቀጠረ እንበል። ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ብር ይከፍላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ ሙሉ ሱፍ ይሰፋሉ። ክፍያቸው ግን በውሉ መሠረት ያው 5 ሺህ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሱቁ ንጉሥ ነው። የባለሙያ ሥራ በለማጅ ዋጋ ያገኛል። በተረፈው ገንዘብ ሁለት ጎበዝ ሰፊ ከውጭ ያመጣል።

ኤንቢኤ ውስጥ ለማጁ በድራፍት የመጣው ልጅ ነው። ድራፍት ማለት ቡድኖች በተራ አዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ልጅ ደመወዙ በተመረጠበት ተራ ቁጥር የተወሰነ ነው። መደራደር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ውሉ አራት ዓመት ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በቡድኑ ምርጫ ላይ ናቸው።

ጄይለን ዊሊያምስን ተመልከቱ። በ2022 በ12ኛ ተራ ነው የተመረጠው። በ2024-25 የሚከፈለው 4.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዓመት ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ላይ 40 ነጥብ አስቆጠረ። ያን ሌሊት የእህቴ ልጅ ነጥቡን ሁሉ በጣቱ ይቆጥር ነበር። አጠገባቸው ደግሞ በዚያው ድራፍት በሁለተኛ ተራ የመጣው ቼት ሆምግረን አለ። እሱም በጀማሪ ውል። የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ብቻ ነበር የትልቅ ሰው ደመወዝ የሚወስደው፤ እሱም 36 ሚሊዮን አይሞላም።

እንግዲህ ሦስት ኮከብ አለህ፤ የምትከፍለው ግን ለአንድ ኮከብና ለሁለት ለማጅ ነው። በተረፈው አይዛያ ሃርተንስታይንና አሌክስ ካሩሶን ማምጣት ይቻላል። መጡም። 68 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን የተሠራው እንዲህ ነው።

ታዲያ ችግሩ መቼ ይመጣል?

አራተኛው ዓመት ሲያልቅ። ሦስቱም ለማጆች ያን ቀን ባለሙያ ሆነዋል። ገበያው ለእያንዳንዳቸው 25 ሺህ ያወጣል። ትናንት 15 ሺህ የነበረው ወጪ ዛሬ 75 ሺህ ነው። ጣሪያው ግን ያው 100 ሺህ። የቀሩትን ሰፊዎች በ25 ሺህ ያዝ እስቲ!

በኤንቢኤ ሕግ እስከ ስድስት ዓመት ልምድ ያለው ተጫዋች ከጣሪያው እስከ 25 በመቶ ሊወስድ ይችላል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለው እስከ 30 በመቶ። አሥርና ከዚያ በላይ እስከ 35 በመቶ። በዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ የገባ ወይም የዓመቱ ኮከብ የተባለ ሰው ጊዜው ሳይደርስ አንድ ደረጃ ሊዘል ይችላል። ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው ሩቡን ቢወስዱ ከጣሪያው ሦስት አራተኛው ሄደ ማለት ነው። ቡድን ደግሞ 15 ሰው ነው።

ይህን ነገር ከማንም በላይ የቀመሰው ራሱ ኦክላሆማ ነው። ኬቨን ዱራንት በ2007 ተመረጠ። ረስል ዌስትብሩክና ሰርጅ ኢባካ በ2008። ጄምስ ሃርደን በ2009። ተራው ያምራል፤ በሦስት ዓመት አራት ጎበዞች። በ2012 ፍጻሜ ደረሱ፤ በማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፉ። ሁሉም ሃያዎቹን ገና የጀመሩ ነበሩ። ደጋፊው «አብሽር፣ የከርሞ ሰው ይበለን» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ከርሞ አልደረሱም። ዱራንትና ዌስትብሩክ ትልቁን ውል ፈርመው ነበር። ኢባካም በዚያው ክረምት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረመ። የሃርደን ተራ ሲደርስ ቡድኑ ሕጉ ከሚፈቅደው ከፍተኛ ልክ ጥቂት ሚሊዮን ዝቅ አድርጎ አቀረበ። በ2011 በተፈረመው ስምምነት መሠረት የቅንጦት ግብሩ በሚቀጥለው ዓመት ሊከብድ ነበር፤ ያ ፍርሃት ነው። ሃርደን አልተስማማም። ጥቅምት 2012 ላይ ወደ ሂውስተን ተላከ። ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ይከፋኛል። ዱራንት በ2014 የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ዌስትብሩክ በ2017። ሃርደን በ2018። አንድ መለያ ለብሰው የነበሩ ሦስት ልጆች ሦስቱም የሊጉ ምርጥ ሆኑ፤ አንድ ዋንጫ ግን አብረው አላነሱም። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው «ጥቂት ሚሊዮን ዶላር አፈረሳቸው» ይላል። ገንዘቡ ምክንያት ሆኗል። የጠበባቸው ግን ጊዜው ነው፤ ሂሳቡ የመጣው ሁሉም አንድ ላይ ባደጉበት ሰሞን ነበር።

ያው ሰው ዛሬ ምን እያደረገ ነው?

በ2012 ሃርደንን የሸኘው ኃላፊ ሳም ፕሬስቲ ነው። በ2025 ዋንጫውን ያነሳው ቡድን ኃላፊም ሳም ፕሬስቲ ነው። ለዚህ ነው የዛሬውን ኦክላሆማ በልዩ ዓይን የማየው። አንድ ሰው አንድ ፈተና ሁለት ጊዜ ሲገጥመው ማየት ነው።

ዋንጫው በተበላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም አስፈረመ። ጊልጀስ አሌክሳንደርን ለአራት ዓመት በ285 ሚሊዮን። ሆምግረንን ለአምስት ዓመት እስከ 250 ሚሊዮን በሚደርስ ውል። ዊሊያምስን ለአምስት ዓመት እስከ 287 ሚሊዮን። ማንም ላይ ዋጋ አልሰበረም።

ብልሃቱ ያለው ቀኖቹ ላይ ነው። የሆምግረንና የዊሊያምስ አዲስ ደመወዝ የሚጀምረው በ2026-27 ነው። የጊልጀስ አሌክሳንደር በዓመት በአማካይ ከ71 ሚሊዮን የሚበልጠው ግን አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ በ2027-28። ሂሳቡ በአንድ ሌሊት አይወድቅበትም።

ከዋናዎቹ ዙሪያ ላሉትም አስቦበታል። የሃርተንስታይንና የሉ ዶርት ውሎች የመጨረሻ ዓመት በቡድኑ ምርጫ ላይ እንዲሆን ተጽፏል። አይዛያ ጆ እና አሮን ዊጊንስ ደግሞ ደመወዛቸው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ ውል አላቸው። አብዛኛው ውል ሽቅብ ነው የሚሄደው። እነዚህ ቁልቁል። ኮከቦቹ ሲወደዱ እነዚህ ይረክሳሉ።

ሌላው መድኃኒት የድራፍት ዕድል ማከማቸት ነው። በ2019 ኮከቡን ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ቡድን ሲሰጥ ጊልጀስ አሌክሳንደርንና ብዙ የወደፊት የድራፍት ዕድሎችን ተቀበለ። ዊሊያምስ የተመረጠበት 12ኛ ተራ እንኳ ከዚያ ዝውውር የተገኘ ነው። ባለሙያው ሲወደድ ሌላ ለማጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ያ ካልሆነ ከሦስቱ ጀርባ የሚቆም ሰው አይገኝም።

ተጫዋቹ ትንሽ ቢቀበልስ?

ይቻላል። ጄይለን ብራንሰን በ2024 ከኒው ዮርክ ጋር ለአራት ዓመት 156.5 ሚሊዮን ፈረመ። አንድ ዓመት ቢታገሥ ለአምስት ዓመት 269 ሚሊዮን ማግኘት ይችል ነበር። ለቡድኑ ትልቅ ትንፋሽ ሰጠ።

ግን ይህን ከሁሉም መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። አንድ ጉልበት ቢጎዳ ሁሉም ያበቃል። ደግሞ ወጣቱ በመጀመሪያው ውል ማብቂያ ላይ እንዳሻው የሚሄድም አይደለም። ሌላ ቡድን ዋጋ ቢያቀርብለት የመጀመሪያው ክለብ ያንኑ ከፍሎ ያስቀረዋል። በቤቱ ከቆየ አምስት ዓመትና በየዓመቱ 8 በመቶ ጭማሪ ማግኘት ይችላል። ነፃ ሆኖ ወደ ውጭ ቢሄድ አራት ዓመትና 5 በመቶ ነው። ሕጉ ወጣቱን ወደ ቤቱ ይገፋዋል። ስለዚህ ወጣት ኮከብ ከቡድኑ ሲለይ «ከዳ» ከማለታችን በፊት ማን እንደሸኘው ብንጠይቅ ይሻላል።

እኛ አገር ከነበረው ጣሪያ በምን ይለያል?

በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ በአገራችን መወሰኑን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ያ ጣሪያ በአንድ ሰው ራስ ላይ የተቀመጠ ነው። ቡድኑ በድምሩ ስንት ያወጣል የሚለውን አይነካም። ኤንቢኤም በአንድ ሰው ላይ ልክ አለው፤ ክብደቱ ያለው ግን በቡድኑ ድምር ላይ ነው። ለአንዱ ስትጨምር ለሌላው ትቀንሳለህ። የኃላፊው ችሎታ የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው።

ቀጣዩ ማን ነው?

በረካው ሲቀዳ ልጁ ደብተሩን አመጣ። የእሱ ልብ ሳን አንቶኒዮ ላይ ነው። ቪክቶር ዌምባንያማ በ2023 ተመረጠ። ስቴፎን ካስል በ2024። ዲላን ሃርፐር በ2025። «የሦስቱንም አራት ዓመት ቁጠር» አልኩት።

ገጹን በማስመሪያ ከፋፈለው። የዌምባንያማ አዲስ ደመወዝ 2027 ላይ። የካስል 2028 ላይ። የሃርፐር 2029 ላይ። «አጎቴ፣ አንድ አንድ ዓመት ይለያያሉ!» አለ። እንደ ሆምግረንና ዊሊያምስ በአንድ ቀን አይመጡም። ፊቱ በራ።

ከዚያ እንደገና አቀረቀረ። በ2029-30 አምድ ላይ ሦስቱም ስሞች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም በትልቁ ደመወዝ። እርሳሱን አንስቶ አምዱን አከበበውና ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ማስላት ጀመረ።